የመሥዋዕትነት ግጥም ልክ፣ ቤትና አዝማች

ሰው ስለ ሃይማኖቱ ወይም ስለ ወገኑ ሲል ነፍሱን አሳልፎ የሚሰጥበት ሥራ በአንድ ጊዜ የሚፈጸም፣ ሁለተኛም የማይደገም፣ አድራጊውም ራሱ ተመልሶ ሊተርከው የማይችል ሥራ ስለ ሆነ፣ ከመረሳት የሚድነው በሕይወት የቀሩት ሰዎች በሚሰጡት ምስክርነት ብቻ ነው። ይህም ምስክርነት በአገራችን፣ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል ለጊዜው ወደ ጎን ትተን የሕዝቡን ልማድ ብንመለከት፣ ከጥንት ጀምሮ የተሰጠው ይልቁንም በግጥም ነው፤ በጸሐፌ ትእዛዙ ብራና ላይ ስሙ ያልተጻፈለት ስንቱ ወታደር በአልቃሽ አፍ ሁለት ስንኝ አግኝቷል፤ በሩቅ አገር በአላውያን ነገሥታት እጅ የሞተው ሰማዕትም በጎጃምና በወሎ ገጠር ባለ ደብር ስሙ እስከ ዛሬ በዜማ የሚጠራው ልኩ የታወቀ፣ ቤቱ የተመታ ድርሰት ስለ ተበጀለት ነው።

ስለ እነዚህ ግጥሞች የተጻፈውን ስንመረምር ግን አብዛኛው የሚያወሳው ግጥሙ ምን እንዳለ ነው እንጂ እንዴት አድርጎ እንዳለው አይደለም። ልኩንና ቤት አመታቱን፣ የአዝማቹንም መመላለስ፣ ልብሱ ከተሰፋ በኋላ እንደሚጨመር ጥልፍ የሚቆጥራቸው ብዙ ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ከዚህ የተለየ ነው፤ ስለ መሥዋዕትነት በሚነገር ግጥም ውስጥ ልክ፣ ቤትና አዝማች ራሳቸው የምስክርነቱ ክፍል ናቸው፤ ሟቹ የጸናበትን ጽናት ቃሉ ከመናገሩ በፊት ቅርጹ ያስረዳል። ይህንንም ከቤተ መቅደስ ወደ ጦር ሰፈር፣ ከጦር ሰፈር ወደ ለቅሶ ቦታ፣ ከዚያም ወደ ቴአትር መድረክ የተሸጋገረውን ልማድ ታሪክ በመከታተል ለማሳየት እንሞክራለን።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ስንክሳር ነው። ይህ መጽሐፍ በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተመልሶ፣ ከዚያም በኋላ የአገራችን ቅዱሳን ታሪክ እየተጨመረበት የተስፋፋ ሲሆን፣ የዓመቱን ቀኖች ሁሉ ለሰማዕታትና ለጻድቃን መታሰቢያ አከፋፍሎ የየዕለቱን ንባብ ይሰጣል። ንባቡ ዝርው ነው፤ ሰማዕቱ ከየት እንደ ተወለደ፣ በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደ ተያዘ፣ ምን ያህል እንደ ተሠቃየና በምን ዓይነት ሞት እንዳለፈ ሳይቸኩል ይተርካል። ታሪኩ ባለቀበት ላይ ግን አርኬ የሚባል አጭር ግጥም ይከተላል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ «ሰላም» ብሎ በመጀመር ሰማዕቱን በስሙ ይጠራውና ያን ሁሉ ታሪክ በጥቂት ቤት፣ ብዙ ጊዜም በአምስት፣ ጨምቆ ይዘጋዋል።

አምስቱም ቤቶች የሚመቱት በአንድ ፊደል ነው። ይህን አንድ ፊደል ልብ ብሎ ማዳመጥ ይገባል። በሰማዕታት ገድል ውስጥ መኰንኑ ነገሩን ይለዋውጣል፤ አንድ ጊዜ ሹመትና ወርቅ ተስፋ ይሰጣል፣ አንድ ጊዜ እሳትና መንኰራኵር ያሳያል፣ አንድ ጊዜም ስለ ወጣትነቱ አዝኖ እንደ አባት ይለምናል፤ ሰማዕቱ የሚመልሰው መልስ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። አርኬውም እንደዚሁ አሳቡ ከስም ወደ ሥቃይ፣ ከሥቃይ ወደ አክሊል ሲዛወር የቤቱ መድረሻ አልለወጥ ብሎ እዚያው ፊደል ላይ ይቆማል። ደራሲው ይህን አስቦ አድርጎት ይሆናል፣ ወይም የቆየውን ሥርዐት ብቻ ተከትሎ ይሆናል፤ በጆሮው ለሚሰማው ምእመን ግን የሰማዕቱ ጽናት በአሳብ ከመረዳቱ አስቀድሞ በድምፅ ተረድቷል።

ይሁን እንጂ ልክ ያለው ነገር ሁሉ የሚያስቀረውም ነገር አለው። ጥር 15 ቀን የሚታሰበውን የሕፃኑን የቅዱስ ቂርቆስን ሰማዕትነት እንውሰድ። ሕፃኑና እናቱ ቅድስት ኢየሉጣ በመኰንኑ ፊት ቆመው፣ ውሃው በጋኑ ውስጥ ሲፈላ ድምፁ እንደ ነጐድጓድ ከሩቅ ተሰምቶ፣ እናቲቱ ልቧ በፍርሃት ሲከዳት ያጽናናት የሦስት ዓመቱ ልጅ እንደ ነበረ ትረካው ይነግረናል። እንግዲህ ይህ የእናት ፍርሃት በዝርው ንባብ ውስጥ የሚቀመጥበት ሰፊ ስፍራ አለው፤ እንደ ልቡ የሚረዝም፣ የሚያመነታ፣ ወደ ኋላ የሚመለስ ዐረፍተ ነገር ይችለዋል። ስም ጠርቶ፣ ገድል አውስቶ፣ አክሊል አቀዳጅቶ በአምስት ቤት መዝጋት ያለበት ድርሰት ግን ለማመንታት የሚሰጠው ጊዜ የለውም። ስለዚህ ስንክሳር ሁለቱን አንድ ላይ ማኖሩ ታላቅ ማስተዋል ነው፤ ዝርው ንባቡ የሰውን ድካም ይጠብቃል፣ አርኬው የፍርዱን ቃል ይጠብቃል። ግጥሙ ፍርሃትን በራሱ ደጅ ለማስገባት፣ ወደ ፊት እንደምናየው፣ ብዙ መቶ ዓመት መጠበቅ አስፈልጎታል።

ከአርኬ ጋር በቅርጽ የሚዛመደው፣ በርዝመቱ ግን እጅግ የሚበልጠው ድርሰት መልክእ ነው። ይህ ዓይነት ድርሰት በተለይ ከ15ኛው መቶ ዓመት ወዲህ እየበዛ ሄዶ ለእመቤታችን፣ ለመላእክት፣ ለሰማዕታትና ለጻድቃን ሁሉ ሲደረስ ኖሯል። ሥርዐቱ የታወቀ ነው፤ ከዝክረ ስም ይነሣና የቅዱሱን አካል ከላይ ወደ ታች እየወረደ ለእያንዳንዱ ሕዋስ ሰላምታ ያቀርባል። ለሥዕርት፣ ለርእስ፣ ለገጽ፣ ለቀራንብት፣ ለአዕይንት፣ ለአእዛን፣ ለመላትሕ፣ ለአእናፍ፣ ለከናፍር፣ ለልሳን ሰላም ይላል፤ በክሳድ፣ በመትከፍት፣ በዘባን፣ በእንግድዓ በኩል ወርዶ ወደ አእዳውና ወደ አጻብዕ ይደርሳል፤ ልብንና ኩልያትን፣ ኅሊናንም ሳይቀር ይጠራል፤ በአብራክና በአእጋር አልፎ ሰኰናውንና የእግሩን ጥፍር ሰላም ካለ በኋላ ወደ ፀአተ ነፍስ፣ ወደ በድነ ሥጋ፣ ወደ ግንዘትና ወደ መቃብር ይሸጋገራል። ለእያንዳንዱም የሚሰጠው አምስት ቤት፣ በአንድ ፊደል የሚመታ፣ በ«ሰላም» የሚጀመር ድርሰት ነው።

የመልክእ ቅርጽ ምን እንደሚሠራ ከሁሉ ይልቅ ግልጥ ሆኖ የሚታየው ለሰማዕት በተደረሰ ጊዜ ነው። ሚያዝያ 23 ቀን የሚከበረው ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በገድሉ እንደሚነገረው፣ ሰባት ዓመት ሙሉ በልዩ ልዩ ሥቃይ ተፈትኖ፣ ሥጋው ተቃጥሎና ተፈጭቶ ትቢያው በደብረ ይድራስ ተራራ ላይ በነፋስ ተበተነ። አላዊው ንጉሥ ያሰበው አካሉ እንዳይገኝ፣ መቃብር እንዳይኖረው፣ መታሰቢያውም እንዲጠፋ ነበረ። መልክእ የሚደርሰው ሊቅ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ የተበተነውን አካል ከጠጉር እስከ ጥፍር አንድ በአንድ ሰብስቦ፣ ለዐይን የሰጠውን ያህል ለተረከዝ እየሰጠ፣ ከሕዋሱ አንድም ሳያስቀር በልክ ያቆመዋል። ጣት ከራስ ያነሰ ቤት አያገኝም፤ ጥፍርም ከልብ ያነሰ ሰላምታ አይቀርብለትም። ይህ እኩልነት የሚመጣው ደራሲው በቃል ስላወጀው አይደለም፤ ልኩ አንድ ስለ ሆነ ነው። መሥዋዕት ሙሉ ሆኖ እንደሚቀርብና ከእርሱም ተከፍሎ የሚቀር እንደሌለ የሚያስተምረው እንግዲህ የቤቱ ቁጥር ራሱ ነው።

የድግሙም ነገር እንደዚሁ ነው። «ሰላም» የሚለው ቃል በየአርኬው መነሻ ሲመላለስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ እንግዳ ሊሰለቸው ይችላል። ነገር ግን መልክእ ተቀምጠው በዐይን የሚያነቡት መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን፣ ከእርሱ የተመረጡት አርኬዎች በማኅሌት ጊዜ በጸናጽልና በመቋሚያ፣ በመጨረሻም በከበሮ የሚባሉ ናቸው፤ በዚያ ስፍራ የቃሉ መመላለስ ካህናቱን ሁሉ በአንድ እስትንፋስ የሚያስነሣ ምልክት ነው። ድግሙም በሦስት ዙር ይሄዳል፤ በየአርኬው አንድ ጊዜ፣ በየወሩ በዓል አንድ ጊዜ፣ በየዓመቱም በሰማዕቱ ዕረፍት ቀን አንድ ጊዜ። ሞቱ አንድ ቀን ብቻ የነበረው ሰው በዚህ ዓይነት በዓመቱ ሁሉ ላይ ተዘርግቷል።

በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ከዚህ ጋር ፈጽሞ የሚቃረን ሌላ ሥርዐት አለ፤ እርሱም ቅኔ ነው። ባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃናም ሆነ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ለዕለቱ አዲስ ሆኖ መበርከት አለበት፤ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ የሚደግም ባለ ቅኔ፣ ይልቁንም የሌላውን አምጥቶ የራሱ የሚያስመስል፣ በሊቃውንቱ ዘንድ መሳቂያ ይሆናል። የዋሸራ ወይም የጎንጅ ተማሪ ሌሊት ሲቆጥር አድሮ ያመጣው ቅኔ አንድ ጊዜ ተሰምቶ፣ ከተደነቀም ተደንቆ፣ ያልፋል። እነዚህን ሁለት ሥርዐቶች ጎን ለጎን ያኖሩ አባቶች ስለ መሥዋዕት ጠለቅ ያለ ነገር የተረዱ ይመስላል። የሚሠዋው ሰው ሥራ እንደ ቅኔ ነው፤ አንድ ጊዜ ይሰጣል እንጂ አይደገምም። የሚታሰብበት ሥርዐት ደግሞ እንደ መልክእ ነው፤ ካልተደገመ የለም።

አሁን ወደ አማርኛው እንለፍ። በአማርኛ ቃል ተጽፈው ከደረሱን ግጥሞች ቀደም ያሉት ከዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን፣ ማለት ከ1306 እስከ 1336 ዓ.ም.፣ ጀምሮ ለነገሥታት የተደረሱት የድልና የውዳሴ ግጥሞች ሲሆኑ፣ ኢኛሲዮ ጒዲ የተባለው ኢጣሊያዊ ሊቅ በ1881 ዓ.ም. በኅትመት አውጥቷቸዋል። ከነዚህ ግጥሞች የተወሰኑት የሚያወድሷቸው ዐፄ ገላውዴዎስ ራሳቸው በ1551 ዓ.ም. በሕማማት ሳምንት ከሐረሩ ከአሚር ኑር ጋር ሲዋጉ በጦር ሜዳ ወድቀዋል። እንግዲህ አማርኛ ለግጥም አፉን ከከፈተበት ጊዜ ጀምሮ ከጦርና ከሞት ጋር ተዋውቋል ማለት ነው፤ የግዕዙ ግጥም ሞትን በትዕግሥት የተቀበለውን ሰማዕት ሲያመሰግን፣ የአማርኛው ግጥም ጋሻና ጦሩን ይዞ ወደ ሞት የሚሄደውን ሰው ተቀብሏል።

የአማርኛ ግጥም ልኩ የሚቆጠረው በቀለም ነው። አናባቢ ድምፅ የሌለው ሳድስ ከቀደመው ፊደል ጋር ይጠቃለላል እንጂ ለብቻው አይቆጠርም። አንዱ ስንኝ በመካከሉ ባለ ዕረፍት ለሁለት ሐረግ ይከፈላል፤ በአራት በአራት ቀለም የሚሄደው ቡሄ በሉ፣ በአምስት በአምስት የሚሄደው ሰንጎ መገን፣ በስድስት በስድስት የሚሄደው የወል ቤት ይባላል። ደራሲው መንግሥቱ ለማ በ1955 ዓ.ም. ስለ አማርኛ ግጥም ሥነ ልክ በጻፈው ጥናት ይህን አቆጣጠር በሰፊው መርምሮታል። በነዚህ ቤቶች መካከል ለለቅሶም ሆነ ለምክር፣ ለሰርግም ሆነ ለጦር ከሁሉ ይልቅ የሚዘወተረው፣ ስሙም እንደሚያመለክተው የሁሉ የሆነው፣ የወል ቤት ነው።

ነገሩን በቅርብ ለማየት፣ የሌላ ደራሲ ቃል ሳንዋስ፣ ለማስረጃ ያህል ብቻ አንድ ጥንድ ስንኝ እናበጅ፦

የገዛ ሕይወቱን ለወገኑ ሰጠ፤
ዕድሜ ከመቁጠር ስም መትከል መረጠ።

ቀለሙን በጣትዎ ቢቆጥሩት በእያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ያገኛሉ። የመጀመሪያው ስንኝ በ«ሰጠ» ሲያልቅ ነገሩ ያለቀ ይመስላል፤ ጆሮ ግን አላለቀም፤ «ጠ» ብሎ የሚመልስለት ሌላ ቤት ይጠብቃል፣ እስኪመጣም ድረስ ዕዳ እንዳለበት ሰው አያርፍም። ሁለተኛው ስንኝ ያን ዕዳ የሚከፍለው «መረጠ» በሚለው ቃል ነው። ቤት የመታው በፊደል ብቻ አይደለም፤ መስጠትን ከመምረጥ ጋር አጋብቷል። ሕይወቱን የተቀማ ሰውና ሕይወቱን የሰጠ ሰው በመቃብር አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው ምርጫ ብቻ ነው፤ ይህንንም ልዩነት ጥንዱ ያስረዳው ያለ አንዳች ማብራሪያ፣ ሁለቱን ግሶች በአንድ ድምፅ በማሰር ነው። ጥሩ አልቃሽ ወይም ጥሩ አዝማሪ ይህን ሕግ መጽሐፍ ሳይከፍት ያውቀዋል፤ የመጀመሪያው ስንኝ ቃል ይገባል፣ ሁለተኛው ይፈጽማል።

ቃል መግባትና መፈጸም ከተነሣ ደግሞ ፉከራን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ዘመቻ ከመነሣቱ በፊት በግብር አዳራሽ ወይም በሰፈር፣ ሽላዩ በሽለላና በቀረርቶ የሰውን ደም ካሞቀው በኋላ፣ ወታደሩ ከተቀመጠበት ብድግ ይልና ጋሻና ጦሩን ይዞ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተራመደ፣ «ዘራፍ» እያለ በጌታው ፊት ይፎክራል። የሚፎክርበትም ስም የፈረሱ ስም ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ እንደ ነበረ ሁሉ የታወቀ ነው። ስሙ በየሐረጉ መነሻና መድረሻ የሚመላለሰው ለጌጥ አይደለም። ሰው በብዙ ምስክር ፊት ስሙን ደጋግሞ ጠርቶ፣ እንዲህ አደርጋለሁ ካለ በኋላ ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ ይዘጋበታል፤ ከጦርነቱ ሸሽቶ ቢመለስ ያው አዳራሽ፣ ያው ሰው፣ ያው ስም ይጠብቁታል። ስለዚህ የፉከራ ድግም መሐላ ነው፤ የሐረጉም ማጠር ለማመንታት ስፍራ አይሰጥም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይሸፋፍኑ መናገር ይገባል። ፉከራ ራስን ለሚሠዋ ሰው ብቻ የተሰጠ መሣሪያ አልነበረም፤ ለዘረፋ የሚሄደውም፣ ደም ለመመለስ የሚሄደውም፣ ወገኑን ለመግደል የሚሄደውም በዚያው ልክና በዚያው ቤት ፎክሯል። ቅርጹ የሰውን ልብ ያጸናል እንጂ ልቡ ለምን እንደሚጸና አይመረምርም። ያን የሚመረምረው ከጦርነቱ በኋላ የሚመጣው ግጥም ነው።

ድል ተደርጎ ሠራዊቱ በተመለሰ ጊዜ በሕይወት ያለው ተነሥቶ እንደገና ይፎክራል፤ አስቀድሞ በትንቢት የተናገረውን አሁን በኃላፊ ጊዜ ይናገረዋል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ እንደ ወደቀው እንደ ፊታውራሪ ገበየሁ ያለ ጀግና ግን ተመልሶ ሊፎክር አይችልም፤ የገባው ቃል አንዱ ስንኝ ተነግሮ ሁለተኛው እንዳልተመታ ግጥም ተንጠልጥሎ ይቀራል። ቤቱን የሚመታለት አልቃሽ ነው። «እኔ» ብሎ የተጀመረው ነገር «እርሱ» ወይም «አንተ» ተብሎ የሚፈጸምበት ስፍራ ለቅሶ ቦታ ነውና፣ ሙሾ የሟቹ ፉከራ መደምደሚያ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

የለቅሶውን ሥርዐት የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች እንደሚያወሱት፣ የጀግና ለቅሶ በሆነ ጊዜ የሟቹ ፈረስ ተጭኖ፣ ጋሻው፣ ጎራዴውና ጠመንጃው፣ የክብር ልብሱም ወጥቶ ለለቀስተኛው ይታያል። አልቃሽዋ ከመካከል ቆማ ዐይኗን በነዚህ ዕቃዎች ላይ ታደርጋለች፤ ከኮርቻው አንድ ስንኝ፣ ከጠመንጃው አንድ ስንኝ ታወጣለች፤ ሁለቱን ስንኝ ስትጨርስ ሕዝቡ ደረቱን እየመታ አዝማቹን ይመልሳል። አዝማቹ ስለምን ይመላለሳል ቢባል፣ መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው የሥራ ምክንያት ነው፤ ተቀባዮቹ አዝማቹን እስኪጨርሱ ድረስ አልቃሽዋ የሚቀጥለውን ጥንድ በልቧ ታሰናዳለች፣ ቤቱንም ታገኛለች፤ ያለ አዝማች እንዲያው በቅጽበት ይህን ያህል ግጥም ማፍሰስ አይቻልም። ሁለተኛው ከዚህ የሚጠልቅ ነው፤ በስንኙ የሚናገረው አንድ ሰው ሲሆን በአዝማቹ የሚናገረው ማኅበሩ ሁሉ ነው። ሰውየው የሞተው ስለ ማኅበሩ ከሆነ፣ ማኅበሩ ያን ሞት ስለ እኔ ነው ብሎ የሚቀበለው በአዝማቹ አፍ ነው። ስለዚህ አዝማች የሌለው የጀግና ሙሾ ምስክር ተሰምቶ ፍርድ እንዳልተሰጠበት ጉዳይ ይቆጠራል።

የጥንዱ ስንኝ ኃይልና ድካም አብረው የሚታዩት በዐፄ ቴዎድሮስ ሞት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ አምባ ሲገባ እጃቸውን ከመስጠት ይልቅ በገዛ እጃቸው ሞቱ። በቤተ ክርስቲያን ቀኖና ራሱን የገደለ ከሰማዕታት አይቆጠርም፤ የዘመኑም ሰው ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ስለ ደረሰበት እስራት፣ ቃጠሎና ግድያ የሚናገረው ብዙ ነበረው። የሕዝቡ ግጥም ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንድ ጥያቄ ብቻ መረጠ፤ ተማረኩ ወይስ አልተማረኩም የሚለውን። በሁለት ስንኝ ውስጥ ሁለት ፍርድ አይገባምና፣ አጭርነቱ የበዛውን ታሪክ ወደ ውጭ አስቀርቶ የመጨረሻዋን ሰዓት ብቻ አጸናት። ታሪክ ጸሐፊ በዚህ ሊከራከር ይችላል፤ የቀረውንም ማምጣት ግዴታው ነው። የግጥሙን ልማድ የሚመረምር ሰው ግን ልኩ ራሱ እንደ ዳኛ ሆኖ የሚያስገባውንና የሚያስቀረውን እንደሚለይ ከዚህ ይማራል። መጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ለወደቁት፣ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ለተወሰደባቸው ለዐፄ ዮሐንስም የተረፈላቸው መታሰቢያ ከሐውልት ይልቅ የሕዝቡ ቃል ነበረ።

የግዕዙ ሰማዕትና የአማርኛው አርበኛ ለብዙ ዘመን በየመንገዳቸው ሲሄዱ ቆይተው በአንድ ሰው አካል የተገናኙት በ1928 ዓ.ም. ነው። ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ የሰላሌ ተወላጅ፣ በ1921 ዓ.ም. በግብፅ ጵጵስና ከተቀበሉት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ነበሩ። የኢጣሊያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ከአርበኞች ጋር ሆነው፣ በሐምሌ 21 ቀን ከተማይቱን ለማስለቀቅ የተደረገው ሙከራ ሳይሳካ ቀርቶ ተያዙ፤ በማግሥቱ ሐምሌ 22 ቀንም ለወራሪው ለመገዛትና አርበኞችን ለማውገዝ እምቢ ብለው በጥይት ተደብድበው ሞቱ። የጳጳስ መስቀል የያዘ እጅ የአርበኛውን ቃል ስለ ተናገረ፣ መልክእ የሚደርሰው ሊቅና ሙሾ የምታወርደው አልቃሽ በአንድ ሬሳ ላይ የሚገናኙበት ቀን ይህ ነበረ።

ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «የደም ድምፅ» በተባለው ድርሰታቸው የኚህን አባት ገድል ለቴአትር አበቁት። ከዚያም በኋላ ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በተባለው የግጥም ተውኔቱ ወደዚያው ሰዓት ተመለሰ። በጸጋዬ እጅ የአማርኛ ስንኝ ረዝሟል፤ በስምንት በስምንት ቀለም የሚሄደው ስንኝ እስከ ዛሬ ድረስ የጸጋዬ ቤት እየተባለ ይጠራል። ይህ የሁለት ቀለም ጭማሪ ለማየት ትንሽ ቢመስልም በመሥዋዕትነት ግጥም ታሪክ ውስጥ ታላቅ ለውጥ ያመጣ ነው። በስድስት ቀለም የሚሄደው ሐረግ ይፈርዳል፤ በስምንት ቀለም የሚሄደው ሐረግ ያስባል፣ ይጠይቃል፣ ይመለሳል። በተውኔቱ ውስጥ አቡኑ ወደ እመቤታችን የሚያቀርቡት ልመና እየተመላለሰ ሲመጣ፣ የሚደገመው የመልክእ ሰላምታ መሆኑ ቀርቶ ጥያቄ ሆኗል፤ የልጅነት ዘመናቸውን እያስታወሱ፣ ስለ አገራቸው እየተጨነቁ፣ እንደ ሰው እየፈሩ ወደዚያች ሰዓት ይቀርባሉ። በስንክሳር ዘመን በዝርው ንባብ ብቻ ይቀመጥ የነበረው፣ አምስቱ ቤት የማይችለው የኢየሉጣ ፍርሃት፣ በመጨረሻ በግጥም ውስጥ ስፍራ አገኘ። ሰማዕቱም በዚህ አላነሰም፤ ፈርቶ የጸና ሰው ፍርሃት ካላወቀው ይልቅ የሰጠው ይበዛልና።

እንግዲህ ከስንክሳር አርኬ እስከ ጸጋዬ ተውኔት ያለውን ረጅም መንገድ አንድ ላይ ስናየው፣ ስለ ሌላው የሚሞት ሰው አይለወጥም፤ የሚለወጠው የሚመሰክርለት ቅርጽ ነው። አንድ ፊደል የሚመታው አምስት ቤት ጽናቱን አሳየ፤ ለሕዋሱ ሁሉ እኩል የሚሰጠው መልክእ ሙሉነቱን አሳየ፤ በስም ላይ የሚመላለሰው ፉከራ መሐላውን አሳየ፤ በአዝማች የሚታሰረው ሙሾ ማኅበሩ ዕዳውን ማመኑን አሳየ፤ ረጅሙ ስንኝ የልቡን ትግል አሳየ። ከነዚህ መካከል አንዱን ከሌላው አበላልጦ መፍረድ አያስፈልግም። ነገር ግን ከነዚህ በአንዱም ሳይታሰር፣ ልክም ቤትም አዝማችም ሳይኖረው፣ ጀግና ጀግና እያለ ብቻ የሚጮህ ግጥም በዓሉ ሲያልፍ አብሮ እንደሚያልፍ በየዓመቱ የምናየው ነው፤ ራሱን በሥርዐት ያላስገዛ ቃል ራሱን ስለ ሰጠ ሰው ለመመስከር አይበቃም።

በመጨረሻም ለወጣት ጸሐፍትና ለሥነ ቃል ሰብሳቢዎች አንድ አደራ አለን። የሙሾና የቀረርቶ ግጥሞች ወደ መጽሐፍ ሲገቡ ብዙ ጊዜ ጥንዶቹ ስንኞች ብቻ ይለቀሙና አዝማቹ ተደጋጋሚ ነው ተብሎ ይቀራል፤ ዜማው፣ ዕረፍቱና የተቀባዮቹ ድምፅም አይመዘገብም። ይህን የሚያውቁ እናቶችና አባቶች በየአጥቢያው ገና በሕይወት አሉ። ወደ እነርሱ የሚሄድ ሁሉ ስንኙን ከአዝማቹ፣ ቃሉን ከዜማው ሳይለይ፣ ማን እንዳወረደው፣ ማን እንደ ተቀበለውና ስንት ጊዜ እንደ ተደገመ ጭምር ይጻፍ፤ የተደገመውን ተደግሟል ብሎ የሚተው ሰው ማኅበሩ የተናገረውን ክፍል ሙሉ በሙሉ እንደ ጣለው ይወቅ።